ቸኮሌት የልብ መድኃኒት ነውን?

ከውጭ አገር የሚመለስ ሰው ምን ይዞ ይመጣል ተብሎ ቢጠየቅ፣ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ሳያመነታ «ቸኮሌት» ብሎ ይመልሳል። ሻንጣው ሲከፈት ከጫማውና ከሽቶው አስቀድሞ የቸኮሌቱ ከረጢት ይወጣና ለዘመድ ለጎረቤት ይታደላል። ለልጅ አንድ ፍሬ፣ ለትልቅ ሰው ሁለት ፍሬ ይደርሰዋል። የተረፈውም በእናቶቻችን ብፌ ውስጥ፣ ከስኒዎቹ አጠገብ በክብር ይቀመጣል። እኔም በዛሬው እሑድ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ቸኮሌት ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላልና ጣፋጭ ይመስላል፤ በእኛ ቤት ግን ለጥቂት ሰው ሳይገድል ቀረ።

አክስቴ የሚኖሩት ልደታ ነው። ድሮ የነበሩበት መንደር ፈርሶ የጋራ መኖሪያ ቤት ሲሠራበት ዕጣ ደረሳቸውና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገቡ። ዕድሜያቸው 68 ነው። እኔን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ፣ አስተምረውም ለዩኒቨርሲቲ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት በተመረቅሁ ጊዜ፣ ጋዋን ለብሼ የተነሣሁትን ፎቶግራፍ በትልቁ አሳጥበው ከብፌው በላይ ሰቀሉት። ከዚያች ቀን ጀምሮ በቤቱ ውስጥ የእኔ ቃል እንደ ሕግ ይቆጠር ጀመር። የመብራት ሒሳብ ቢሆን፣ የጡረታ ነገር ቢሆን፣ የመድኃኒት ጉዳይም ቢሆን፣ «እስቲ እሱን ጠይቁት፤ የተማረ ነው» ይባላል። እኔ የተማርሁት ግን ኢኮኖሚክስ ነው።

አክስቴ ደም ብዛት አለብዎ ከተባሉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በየማለዳው ከጸሎት በኋላ አንድ ኪኒን በውኃ ይውጡ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አጓድለው አያውቁም። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ከአሜሪካ የመጣ ዘመዳችን ሁለት ትልልቅ ከረጢት ቸኮሌት አመጣላቸው። በሚቀጥለው እሑድ ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤቶች ተሰብስበው ሳሉ፣ እኔ እንደ ልማዴ ስልኬን ከፍቼ ወሬ እመለከት ነበር። ቸኮሌት የሚበሉ አረጋውያን ሴቶች ልባቸው ከሕመም ይጠበቃል የሚል ርእስ አየሁ። የሚቀጥለውን ሳላነብ፣ ርእሱን ብቻ ወደ አማርኛ መልሼ ጮክ ብዬ ተናገርሁ። ሁሉም ተደሰቱ። አንዲት እማማም፣ «ተመስገን! መራራ ያልሆነ መድኃኒት ደግሞ ተገኘ» አሉ። እኔም ዐዋቂ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

አክስቴ ያን ቀን ምንም አልተናገሩም። በማግሥቱ ግን በልባቸው ሒሳብ ሠሩ። ኪኒኑ ሽንት ያመላልሳል፤ አፍን ያደርቃል፤ በየወሩም ይገዛል። ቸኮሌቱ ደግሞ ይጣፍጣል፤ ከብፌ ውስጥ በነጻ ይገኛል፤ የተማረ ልጅም መስክሮለታል። ስለዚህ ጧት አንድ፣ ማታ አንድ ቸኮሌት መብላት ጀመሩ፤ ኪኒኑንም ተዉት። ለማንም አልነገሩም።

ከዚህ የሚብሰው ነገር አለ። አክስቴ ጾም የማያፈርሱ ሰው ናቸው። ቸኮሌቱ ወተት ስላለበት ረቡዕና ዓርብ አይነኩትም፤ የሐዋርያት ጾም ሲገባ ጨርሶ ተዉት፤ የፍልሰታ ጾም ሲደርስም እንዲሁ አደረጉ። ስለዚህ በክረምቱ ከሚበዙት ቀኖች ውስጥ፣ ኪኒንም የለ፣ «መድኃኒት ነው» የተባለውም ቸኮሌት የለ፣ እንዲያው ባዶ ሜዳ ላይ ቀርተው ነበር።

በነሐሴ ወር፣ ፍልሰታ በተጋመሰ ጊዜ፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ጎረቤት አገኛቸው። ትንፋሻቸው አልመለስ ብሎ ነበር። በኋላ ስንጠይቃቸው፣ ከሁለት ሳምንት ጀምሮ እግራቸው ያብጥ እንደ ነበር፣ ሌሊትም በአንድ ትራስ መተኛት አቅቷቸው ሦስት ትራስ ደራርበው እንደሚያድሩ ነገሩን። «የጾም ድካም መስሎኝ» አሉ። ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው የደም ግፊታቸው 195 በ110 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ ልባቸውን ካዳመጠች በኋላ፣ «እማማ፣ ኪኒኑን ማን አስቆምዎ?» ብላ ጠየቀቻቸው። አክስቴም ወደ እኔ ጠቆሙና፣ «ይኼ የተማረው ልጄ ነው የነገረኝ፤ ቸኮሌት ለልብ ጥሩ ነው ብሎ» አሉ። ይህን ያሉት እኔን ለመክሰስ አልነበረም። በሐኪሟ ፊት ሊያመሰግኑኝና ሊኮሩብኝ ፈልገው ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ፣ አስቀድሜ ላነበው የሚገባኝን ነገር ተቀምጬ አነበብሁ። ያገኘሁትንም ለእናንተ ማካፈል ግዴታዬ ሆኖ ታየኝ፤ ምክንያቱም እንደ እኔ ያለ ምሩቅ የሌለበት ቤት ዛሬ ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው የውጭ አገር ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

የወሬው ሥር የሚገኘው በስዊድን አገር ነው። ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ48 እስከ 83 ዓመት የሆኑትን 31,823 ሴቶች ስለሚበሉት ምግብ ጠየቋቸው፤ ከዚያም ከ1998 እስከ 2006 ድረስ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ በልብ ድካም ሐኪም ቤት እንደ ተኙ ወይም እንደ ሞቱ ከመዝገብ ተከታተሉ። ቁጥራቸው 419 ሆነ። ውጤቱም በ2010 ታተመ። በወር ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ ቸኮሌት የሚበሉት፣ ጨርሶ ከማይበሉት ይልቅ በልብ ድካም የመያዛቸው ነገር በ26 በመቶ አነሰ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚበሉት ደግሞ በ32 በመቶ አነሰ። በየቀኑ የሚበሉት ግን ምንም ጥቅም አልታየባቸውም። በዚያው ዓመት ከአውስትራሊያም ዕድሜያቸው ከ70 በላይ የሆኑ 1,216 ሴቶችን በመከታተል ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ወሬ ወጣ።

እንግዲህ እኔ ባነበብሁት ርእስ ውስጥ የጎደለውን ተመልከቱ። አንደኛ፣ ጥቅም ታየ የተባለው በጥቂቱና አልፎ አልፎ በሚበሉት ላይ ነው። አንድ ጊዜ የሚባለውም ከ19 እስከ 30 ግራም ያህል ነው። አክስቴ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሲበሉ፣ ጥቅም ካልታየበት ክፍል ውስጥ ገብተው ነበር። ሁለተኛ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ከዚያ በፊትም ልባቸው ታሞ የነበሩ ሴቶች ከምርመራው ውጭ ተደርገዋል። ሦስተኛ፣ በዚያ ምርመራ ውስጥ ኪኒን ትቶ ቸኮሌት የወሰደ ሰው አለ የሚል አንድ ቃል የለም።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ተመራማሪዎቹ ለእነዚያ ሴቶች ቸኮሌት አልሰጧቸውም፤ ምን ትበያለሽ ብለው ጠየቁ እንጂ። ይህን ልዩነት በሰፈራችን ምሳሌ ላስረዳ። ግንቦት 1 ቀን የልደታ በዓል ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ቡና ይፈላል፤ ተሰብስቦም ይበላል። አንድ ሰው ተነሥቶ፣ ደጅ ወጥተው ንፍሮ የሚበሉትን እናቶች ከማይወጡት ጋር ቢያስተያይ፣ የሚወጡት ጤናማ ሆነው ይገኙ ይሆናል። ታዲያ ያዳናቸው ንፍሮው ነውን? ወይስ ደጅ ለመውጣት የሚያስችል ጉልበት፣ የሚጠራቸው ጎረቤት፣ የሚደግፋቸውም ልጅ ስላላቸው ነው? የታመመችውማ አልጋ ላይ ስለ ሆነች አልወጣችም። የቸኮሌቱም ነገር እንዲሁ ነው። አልፎ አልፎ በልክ የምትበላ ስዊድናዊት፣ በሌላውም ኑሮዋ ልክ የምታውቅ ልትሆን ትችላለች። ተመራማሪዎቹ ይህን ለማጣራት በሒሳብ ደክመዋል፤ ነገር ግን በመጠየቅ ብቻ የተገኘ ነገር ከጥርጣሬ ጨርሶ አይነጻም።

ስለዚህ ሌሎች ሰዎች ወደ ሁለተኛው መንገድ፣ ማለት ሰጥቶ ወደ መፈተን ሄዱ። በአሜሪካ አገር 21,442 አረጋውያን ተመረጡ፤ ከእነዚህም 12,666ቱ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሴቶች ነበሩ። በዕጣ ተከፍለው፣ ለግማሾቹ ከካካዎ ፍሬ የተጨመቀ ንጥረ ነገር ያለበት እንክብል፣ ለግማሾቹ ባዶ እንክብል ከሦስት ዓመት ተኩል ለሚበልጥ ጊዜ ተሰጣቸው። ማን የትኛውን እንደሚውጥ ወሳጁም ሰጪውም አያውቅም ነበር። በ2022 ውጤቱ ሲገለጥ፣ የልብና የደም ሥር ሕመም ጠቅላላ ቁጥር በ10 በመቶ ቀንሶ ታየ፤ ነገር ግን ይህን ያህሉ ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ ስለሚችል ተረጋግጧል ለማለት አልተቻለም። በዚህ ሕመም የሞቱት ሰዎች ቁጥር ግን በ27 በመቶ ያነሰ ሆነ። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ሆኖም ዋናው ጥያቄ ሳይሆን ከጎን የተጠየቀ ስለ ነበር፣ ሌላ ምርመራ ሊደግፈው ይገባል ተባለ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። እነዚያ ሰዎች የዋጡት ቸኮሌት አይደለም፤ ስኳርም ቅባትም የሌለው፣ በቀን 500 ሚሊግራም ፍላቫኖል የሚባል ንጥረ ነገር የያዘ እንክብል ነው። ደግሞም ለምርመራው ገንዘብና እንክብል ከሰጡት መካከል ታላቁ የቸኮሌት ኩባንያ ማርስ ይገኛል። ይህን ያነሣሁት ምርመራው ሐሰት ነው ለማለት አይደለም፤ የሠሩት ሰዎች የታወቁ ናቸው፤ ያልተረጋገጠውንም አልተረጋገጠም ብለው ጽፈዋል። ነገር ግን ስለ ጠጁ ምስጋና ሲነገር ጠጅ ሻጩ በአጠገቡ መቆሙን ማወቅ ለሰሚው ይበጃል።

ፍላቫኖል በካካዎ ፍሬ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ ነገር ነው። ወደ ደም ሲገባ የደም ሥሮች ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን እንዲያወጣ ይረዳል፤ በዚህም ምክንያት ሥሩ ላላ ይላል፤ ግፊቱም ጥቂት ይቀንሳል። «ጥቂት» ያልሁት በልኩ ነው። በ2017 የ35 ፈተናዎች ውጤት በአንድነት ተመርምሮ፣ ካካዎ የላይኛውን የደም ግፊት ቁጥር በአማካይ ወደ 2 ነጥብ ገደማ ብቻ እንደሚቀንስ ታወቀ። አንድ የተለመደ የደም ግፊት ኪኒን ግን ወደ 9 ነጥብ ገደማ ይቀንሳል። የአክስቴ ቁጥር 195 ነበር። ከ195 ላይ ሁለት ቢቀነስ ምን እንደሚቀር፣ ኢኮኖሚክስ ያልተማረ ሰውም ያሰላዋል።

ይህም ቢሆን ፍላቫኖሉ ሳይጠፋ ሲደርስ ነው። የዓለሙ ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚበቅለው በምዕራብ አፍሪካ፣ በኮትዲቯርና በጋና ነው። ፍሬው ይብላላል፤ ይደርቃል፤ ይቆላል፤ አንዳንዴም ምሬቱ እንዲቀንስ በአልካሊ ይታጠባል። በዚህ ሁሉ መንገድ ፍላቫኖሉ ይንጠባጠባል። ከዚያ በኋላ ስኳርና ወተት ይጨመርበታል። በብፌ ውስጥ ከምናስቀምጠው የወተት ቸኮሌት ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው፤ 100 ግራሙም ከ500 ካሎሪ በላይ አለው። የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2023፣ ፍላቫኖሉ ከፍ ያለ የካካዎ ዱቄት ስለ ልብ ጥቅም እንዲጻፍበት ሲፈቅድ፣ ማስረጃው እጅግ ውሱን መሆኑ አብሮ እንዲጻፍ አዟል፤ ተራውን ቸኮሌትም ፈቃዱ አይመለከተውም።

አንዳንድ አንባብያን፣ «ይህ የሐኪሞች ነገር ነው፤ እኛ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችና ተማሪዎች ምን አገባን?» ይሉ ይሆናል። በበኩሌ ይህን አልቀበልም። በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ተቀምጠው ለሰው ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች አይታችኋል። ባለጉዳዩ ማንበብ ስለማይችል በጸሐፊው እጅ ይታመናል። ጸሐፊው አንድ ቃል ቢስት፣ ወይም ግማሹን ሰምቶ ቢጽፍ፣ ባለጉዳዩ ቤቱን ሊያጣ ይችላል። እኛም በየቤታችን እንደዚያው ነን። እናቶቻችን የእንግሊዝኛውን ወሬ የሚሰሙት በእኛ አፍ ነው። ርእሱን ብቻ ተርጉመን ስንነግራቸው፣ ማመልከቻውን በግማሽ ጽፈን ማኅተም እንዳደረግንበት ይቆጠራል። ዲግሪያችን ማኅተሙ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ቢሆንም፣ የጋዜጦችንም ድርሻ ሳላነሣ አላልፍም። በ2015 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ አንድ ደካማ ምርመራ አዘጋጀ። ከ20 የማይበልጡ ሰዎችን ለሦስት ሳምንት ብቻ ተከታትሎ፣ መራራ ቸኮሌት ውፍረት ለመቀነስ ይረዳል የሚል ጽሑፍ አሳተመ። የፈለገው ጋዜጦች ይጠይቁ እንደ ሆነ ለማየት ነበር። ጋዜጦቹ አልጠየቁም፤ በልዩ ልዩ አገር እየተቀባበሉ በትልልቅ ፊደል አተሙት። የቸኮሌት ወሬ አንባቢ የሚወደው ወሬ ነው፤ ሰው ደግሞ የሚወደውን ወሬ አይመረምርም።

አሁን ወደ እውነተኛው የእናቶቻችን ልብ እንመለስ። በአገራችን ልብን የሚያሳምመው ምንድን ነው? አንደኛው በልጅነት የሚጀምረው ነው። የጉሮሮ ቁስል ሳይታከም ሲቀር የልብን በሮች ያበላሻል፤ ይህም በፔኒሲሊን ሊቀር ይችል ነበር። ዶክተር በላይ አበጋዝ የተነሡለት፣ በልደታ ክፍለ ከተማ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥም በ2001 ዓ.ም. የልብ ሕክምና ማእከል የተከፈተለት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለተኛውና ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣው የደም ግፊት ነው። በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆነው ሰዎች ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ጥናት አንድ ሰው በቀን በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ጨው እንደሚበላ ታውቋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች ነው። ደም ብዛት አብዛኛውን ጊዜ አያሳምምም፤ አያስጮኽምም። ዝም ብሎ ልብን ያደክማል፤ ኩላሊትን ይጎዳል፤ አንድ ቀንም በአንጎል ውስጥ ደም ያፈሳል።

በሴቶች ላይ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። የወር አበባ እስኪቋረጥ ድረስ የሴት ተፈጥሮ ለደም ሥሮቿ አንድ ዓይነት ጥበቃ ይሰጣታል፤ ከዚያ በኋላ ጥበቃው ይላላል፤ ግፊቱም ይጨምራል። የልብ ሕመም ሲመጣባትም ሁልጊዜ ደረቷን ጨምድዶ አይዛትም። ብዙ ጊዜ የሚታየው የትንፋሽ ማጠር፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ድካም፣ የማቅለሽለሽ ስሜት፣ የጀርባ ወይም የመንጋጋ ሕመም ነው። እኛም ይህን ስናይ ምች ነው፣ ብርድ ነው፣ ጾም ነው፣ እርጅና ነው እንላለን። እናት ደግሞ በተፈጥሮዋ ሕመሟን መሸሸግ ትወዳለች፤ ልጆቿን ላለማስጨነቅ ስትል «ደኅና ነኝ» ትላለች። አባቶች ግን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። ደረጃ ላይ አረፍ የምትል፣ ጫማዋ ማታ ማታ የሚጠባት፣ ትራስ የምትደራርብ እናት ያለችው ሰው፣ ነገ ሳይል ዛሬ ሐኪም ዘንድ ያድርሳት።

«እንግዲህ እናቶቻችንን ከዚች ትንሽ ደስታ ልትከለክላቸው ነውን?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። አይደለም። ስድሳና ሰባ ዓመት ሙሉ ከመሶቡ መጨረሻ ላይ የቀረውን ሲበሉ ለኖሩ እናቶች ጣፋጭ ነገር መንፈግ ግፍ ነው። የስኳር ሕመም ያለባት ሐኪሟን ትጠይቅ፤ ሌላዋ ግን በሳምንት አንድ ቀን አንድ ቁራጭ፣ በተለይም ካካዎው የበዛውንና ስኳሩ ያነሰውን፣ ደስ ብሏት ትብላ። የምትበላው ግን ስለ ጣፈጣት ይሁን፤ መድኃኒት ነው ብላ አይሁን። ለልብ የሚበጅ ምግብ ከተፈለገ በቤታችን ሞልቷል። ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ጎመኑ፣ ያ የግንቦት ልደታ ንፍሮም ጭምር፣ ጨዉና ዘይቱ ከተቀነሰ፣ ከውጭ ከሚመጣው ከረጢት ይልቅ የሚታመን ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ኪኒኑ ነው። በጤና ተቋሞቻችን የሚታዘዙት አምሎዲፒን፣ ኤናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባሉት መድኃኒቶች በአያሌ ሺህ ሰዎች ላይ ተፈትነው ሕይወት ማትረፋቸው የተረጋገጠላቸው ናቸው። ስማቸው አይጣፍጥም፤ ፎቶግራፋቸውም በጋዜጣ አይወጣም። ኪኒን ሽንት ቢያመላልስ፣ እግር ቢያሳብጥ ወይም ቢያስል፣ ለሐኪም ተነግሮ በሌላ ይለወጣል እንጂ በራስ ፈቃድ አይተውም። ግፊቱ «ወረደ» ሲባልም፣ ያወረደው ኪኒኑ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ለወጣት አንባብያን የምለው እንግዲህ ይህ ነው። ስለ ጤና አንድ ወሬ ስታነቡ ለእናታችሁ ከመንገራችሁ በፊት አምስት ጥያቄ ጠይቁ። ስንት ሰው ተመረመረ? ምን ያህል ጊዜ ቆየ? ተሰጥቶ ተፈተነ ወይስ ተጠይቆ ተጻፈ? ጥቅሙ የታየው በምን ያህሉ መጠን ነው? ገንዘቡንስ ማን ከፈለ? መልሱን ካላገኛችሁ ወሬውን ለራሳችሁ አስቀሩት። ከዚህ በኋላ ደግሞ በሚመጣው እሑድ እናታችሁን ወይም አክስታችሁን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ መድኃኒት ቤት፣ በሥራ ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና የደም ግፊታቸውን አስለኩ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉት፤ የኪኒኑንም ብልቃጥ አንሥታችሁ ቁጠሩት። ቢሮ ውስጥ የሌላውን መዝገብ ስንቆጥር የምንውል ሰዎች፣ ይህን መቁጠር አያቅተንም።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም አንድ ቃል አለኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚሁ ከልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። በኋላ የጄት ዘመን መጥቶ ሜዳው ቢያጥር ቦሌ ተሠራ። ማረፊያው ቢለወጥም የሻንጣው ፍቅር አልተለወጠም፤ ልጅ ከሩቅ አገር ሲመጣ እናቱን የሚያስደስት ነገር ይፈልጋል። ከዚያ ሻንጣ ውስጥ አንዱን የቸኮሌት ከረጢት አውጡና በምትኩ በክንድ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ አስገቡ። ሌላው ከረጢት ይቆይ፤ ሕፃናቱ ምን በደሉ?

አክስቴ ከሐኪም ቤት ከወጡ እነሆ ወራት አለፉ። ኪኒናቸው አሁን ሁለት ሆኗል፤ ከልባቸው ላይ የደረሰው ጉዳትም ጨርሶ አልተመለሰም። ደረጃውን ሲወጡ በየፎቁ ይቆማሉ፤ እኔም ከኋላቸው እቆማለሁ። በዚያ ደረጃ ላይ ስቆም የዲግሪዬን ክብደት ዐውቀዋለሁ። እሑድ እሑድ አቦሉ ከተጠጣ በኋላ ግፊታቸውን እለካለሁ፤ ቶናው ሲቀርብ አንድ ቁራጭ ቸኮሌት ለሁለት እንካፈላለን፤ ጾም ከሆነ ግን እኔም እተዋለሁ።

ከብፌው በላይ ያለው ፎቶግራፍ አልወረደም። ይወረድ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ባለፈው እሑድ ግን ስልኬን ሳነሣ አይተውኝ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ስታነብልኝ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ» አሉኝ። እኔም ይህን ቃል ለእናንተ አደራ ብዬ አስተላልፌአለሁ።